የሙባረካ እርሾ

ጥር አሥራ አንድ ቀን ነበር፤ የጥምቀት ዕለት። ወይስ አሥራ ሁለት? አስናቀ ይህን ነገር ባነሣ ቁጥር እዚህ ላይ ይደናቀፋል። «አሥራ አንድ ነው፤ ከበሮ ይሰማ ነበር» ይላል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ቆይ፣ ከበሮውማ በማግስቱም ነበር። የሚካኤል ታቦት የሚገባው አሥራ ሁለት አይደል እንዴ?» ይላል። ለብዙ ዓመታት ታሪክ ያስተማረ ሰው ነው። ዓመተ ምሕረት የሳተ ተማሪ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ሰሌዳው ሥር እንዲቆም ያደርግ ነበር። አሁን ግን አንዲት ሴት ሆቴሉ በር ላይ ከባጃጅ የወረደችበትን ቀን እርግጠኛ ሆኖ መናገር አቅቶታል። ነገሩ ከቀን መርሳት በላይ ባይሆን ኖሮ እንዲህ ባልቆረቆረው።

ዓመቱ አይጠፋውም፤ ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት። ሰዓቱም አይጠፋውም። ፀሐይ ወደ ደጋው ዘንበል ብላ ነበር። ከአርባ ምንጭ ላይኛው ሰፈር፣ ከሴቻ አፋፍ ላይ ሲታይ ዓባያ ሸክላ አፈር የተበጠበጠበት መስሎ፣ ጫሞ ከወዲያ ሰማያዊ ሆኖ ሁለቱ ሐይቆች በግልጽ የሚለዩበት ሰዓት ነው። ሙባረካ ቡናማ ሻርፕ ጠምጥማለች። በአንድ እጇ የጎማ ቦቲ፣ በሌላው ሰማያዊ የፕላስቲክ ሣጥን ይዛለች።

ዘበኛው መዝገቡን ገልጦ፣ «ከየትኛው መሥሪያ ቤት ልበል?» አላት።

«ከራሴ።»

«ማለቴ፣ ቢሮሽ የት ነው?»

ሣጥኑን ከፍ አድርጋ አሳየችው። «ይኸው።»

አስናቀ ክርክሩን ሰምቶ ከእንግዳ መቀበያው ወጣ። ሴትዮዋ ስታየው ፊቷ ፈካ አለ። «ቲቸር! አሁንም ክራቫት? በዚህ ሙቀት?»

መጀመሪያ ድምፅዋ ነው የመጣለት፤ መልኳ ቆይቶ ነው። መስኮቱ አጠገብ የምትቀመጠው፣ ደብተሯ ሁልጊዜ ሳሙና ሳሙና የሚሸተው ልጅ። አባቷ ሐጂ ኑሀ ከስልጤ መጥተው ታችኛው ሰፈር ሲቀላ ገበያው ዳር ሱቅ የከፈቱ፣ ጨውና ሳሙና፣ በረኪናም በጅምላ የሚያከፋፍሉ ሰው ነበሩ። ሚዛኑ አጠገብ ከረጢት ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ስትሠራ ያያት ነበር። ፈተና ላይ ያልገባትን ጥያቄ በግምት አትሞላም፤ «አላውቀውም» ብላ ትጽፋለች። አንድ ጊዜ ጠርቶ፣ «ሞክሪው እንጂ፤ ምናልባት ይሆንልሻል» ቢላት፣ «ሳላውቅ ካገኘሁት ውሸት አይደል?» አለችው። ይህን አልረሳውም።

እሱ ራሱ የእርሻ ቢሮ ሠራተኛ ሆነው ከደብረ ማርቆስ የተዛወሩ አባት ልጅ ነው። እዚሁ አድጎ፣ ዩኒቨርሲቲ ደርሶ ተመልሶ፣ ማስተማሩ ሲሰለቸው የሆቴል ሥራ አስኪያጅ ሆነ። የሆቴሉ ባለቤት ሸዋንዳኝ ኑሮው አዲስ አበባ ነው። የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፤ ሲመጣ ግን መምጣቱ ለሁሉም ይታወቃል።

«የውሃ ችግር አለባችሁ ተብዬ ነው» አለች ሙባረካ።

«የውሃ እንኳ አይደለም። የሽታ ነው።»

«ያው ነው፣ ቲቸር።»

ሽታውን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ ከማንጎው ዛፍ ወረድ ብሎ፣ ሆቴሉ ሲሠራ የተገነቡ የሲሚንቶ ገንዳዎች አሉ። የመታጠቢያውም የመጸዳጃውም የወጥ ቤቱም ፍሳሽ እዚያ ገብቶ፣ አንዱ ገንዳ ውስጥ ሞተር አየር እየነፋበት፣ ሁለተኛው ውስጥ ጠልሎ፣ አትክልት የሚያጠጣ ውሃ ሆኖ መውጣት ነበረበት። ተቋራጩ አስረክቦ ሄደ፤ ሞተሩን የሚያውቀው ሠራተኛ ሌላ ቦታ የተሻለ ሥራ አገኘ፤ ገንዳው ጠቁሮ ቀረ። ጥቁሩ ውሃ ቁልቁለቱን ይዞ ሙዝና ጎመን የሚያለሙ ሰዎች ጓሮ ይገባል። ሰዎቹ ከሰሱ። ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ኮሚቴ መጥቶ አየና፣ የካቲት ሳያልቅ ካልተስተካከለ ሆቴሉ ይታሸጋል ብሎ ጻፈ።

ያን ዕለት፣ አሥራ አንድም ይሁን አሥራ ሁለት፣ ሙባረካ ቦቲዋን አጥልቃ ገንዳውን ዞረች። በረጅም እንጨት ከሥር እያወጣች አሸተተች። ከዚያ በሥራ ላይ የነበረውን ሠራተኛ ማንጎው ሥር ሰበሰበች። አስናቀ ከቢሮው መስኮት ሆኖ ያያታል፤ የአንድ ሠርግ ቤተሰብ ስለ ድንኳን እየጨቀጨቀው ስለነበር አልወረደም። እጇን እያወናጨፈች ስታስጠነቅቅ ያያል፤ ድምፅዋ ግን አይሰማም፣ ከበሮው በልጦታል። የተናገረችውን በኋላ ነገሩት። ዘይት ወደ ቱቦ አይደፋ፤ ሞተሩን ማንም አያጥፋ፤ ከሁሉ በላይ በረኪና ወደ ገንዳው እንዳይጠጋ። ማን ማን ቆሞ እንደሰማ ግን አላስተዋለም። የዚያን ጊዜ ምን አስጨንቆት ያስተውላል?

ሙባረካ በከተማው ዩኒቨርሲቲ ውሃ ምሕንድስና ተምራ፣ ሌላ ከተማ አንድ ፋብሪካ የፍሳሽ ማጣሪያ ላይ ተቀጥራ ዓመታት ሠርታለች። ደመወዙ ጥሩ ነበር። ሥራውን የለቀቀችው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው ይላሉ። የፋብሪካው ኃላፊ መብራት ይቆጥባል ብሎ አየር የሚነፋውን ሞተር ያስጠፋና ተቆጣጣሪ ሲመጣ ያስነሣ ነበር። አንድ ቀን ተቆጣጣሪዎቹ፣ «ሁልጊዜ እንደዚህ ይሠራል?» ብለው ሲጠይቁ ሁሉም ዝም አለ። እሷ፣ «እናንተ ስትመጡ ብቻ» አለች። በሳምንቱ አርባ ምንጭ እናቷ ቤት ነበረች።

ከዚያ ወዲህ በግሏ ነው የምትሠራው። የተበላሸ ማጣሪያ ያለው ይደውልላታል፤ ሄዳ ታያለች፣ ታስተካክላለች፣ ትመለሳለች። አለቃም ማኅተምም የላትም። ያላት ስሟ ነው፤ አንዱ ለሌላው «እሷን ጥራት» ካላለ ሥራ የለም። እናቷ ሐሊማ ይህ እስከ ዛሬ አልተዋጠላቸውም። «ልጅሽ ምን ትሠራለች ይሉኛል» ይላሉ። «መሐንዲስ ናት ስል ሕንፃ የትኛው ነው ይላሉ። ሽንት ቤት ለሽንት ቤት ትዞራለች ልበል?»

«እርሾ ትሸጣለች በያቸው፣ እማ።»

እርሾ ስትል ግን መቀለዷ አይደለም። የሞተ ገንዳ በራሱ አይነሣም። ቆሻሻውን የሚበሉት በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ናቸው፤ እነሱ ካለቁ ሞተሩ ቢነፋ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ከደህና ገንዳ ቡናማውን ዝቃጭ ቀድቶ አምጥቶ መጨመር ነው። እርሾው ያለቀበት ቤት ከጎረቤት ተበድሮ ሊጡን እንደሚጥል ማለት ነው። ለእሷ ጎረቤት ምዕራብ ዓባያ መንገድ ላይ ያለ የጭማቂ ማምረቻ ነው፤ ማጣሪያውን ያስነሣችላቸው እሷ ራሷ ስለሆነች አይከለክሏትም። በሆቴሉ ፒክአፕ በርሜል ጭና ሄዳ አመጣች። ጨመረች። ሞተሩን የሆቴሉ ጥገና ሠራተኛ በርናባስ ፈትቶ ገጠመው።

ሽታው በሳምንት ውስጥ ተቀየረ። አስናቀ አንድ ጠዋት ከቢሮው ሲወጣ ዝናብ የመታው አፈር የሚሸት መሰለው፤ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ፤ ደመና የለም። ወርዶ ሲጠይቃት፣ «እሱ ነው እንግዲህ፤ ጤነኛ ሲሆን እንደዚህ ነው የሚሸተው» አለችው። ኮሚቴው ሊመጣ ትንሽ ጊዜ ቢቀረውም አስናቀ የቀለለው መሰለው።

ከዚያ አንድ ሰኞ ገንዳው ሌላ ሆኖ ተገኘ።

ሞተሩ ይነፋል፤ ውሃው ይንተከተካል፤ ግን ቡናማው ነጣ ብሎ፣ ላዩ ላይ ልብስ የታጠበበት የመሰለ አረፋ ተንሳፍፏል። ሙባረካ በብርጭቆ ቀዳች፤ አሸተተች። ሣጥኗን ከፍታ አጉሊ መነጽሯን አወጣችና ጠብታውን ብዙ ጊዜ አየችው። ቀና ስትል ፊቷ ተለዋውጧል።

«ሞተዋል» አለች። «አንድም የሚንቀሳቀስ የለም።»

«ምን ገደላቸው?»

«በረኪና። አባቴ ሱቅ ውስጥ ነው ያደግሁት፣ ቲቸር፤ ይህን ሽታ አልስተውም። የማላውቀው ምን ያህል እንደሆነና ስንት ጊዜ እንደተደፋ ነው። አሁንም የሚደፋ ካለ እርሾ ባመጣ ለሞት ነው የማመጣው።»

ሠራተኛውን አንድ በአንድ ቢሮ እየጠራች ጠየቀች። ሁሉም፣ «እኔ እንጃ» አለ። ወጥ ቤት ያለው ወደ ልብስ ማጠቢያው፣ ልብስ ማጠቢያ ያለችው ወደ አትክልተኛው ይጠቁማሉ። ሙባረካ ትዕግሥት የምትባል ነገር ብዙም የላትም፤ ድምፅዋ ከፍ እያለ ሲሄድ በርናባስ ገብቶ በሩን ዘጋ። በርናባስ የገረሴ ሰው ነው፤ ጋሞ ደጋ።

«ኢንጅነር፣ እንደ ፖሊስ እየጠራሽ ከሆነ እስከ ፋሲካ አይነግሩሽም።»

«ታዲያ ልለምናቸው?»

«እኛ አገር የተበላሸ ነገር ዱቡሻ ላይ ነው የሚወጣው። ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ አንድ ላይ ይቀመጣል። አንቺም ትቀመጫለሽ፤ እሳቸውም» ብሎ አስናቀን አየው። «እዚያ ጥፋቱን የተናገረ ሰው ከዚያ በኋላ በጥፋቱ አይነሣበትም። የተነገረው እዚያው ሣሩ ላይ ይቀራል። ይህን ካልማላችሁልኝ አልሰበስብም።»

ሁለቱም ማሉለት።

ማንጎው ሥር ተቀመጡ። በርናባስ ከአትክልቱ ዳር ለምለም ሣር ነቅሎ ለእያንዳንዱ ሰው አስያዘ። ሽማግሌው አትክልተኛ በጋሞኛ መረቁ፤ የገባውም ያልገባውም ተቀበለ። ሙባረካ ሣሩን በሁለት እጇ ይዛ፣ «ማን እንደሆነ አልጠይቅም። ምን እንደገባ ብቻ ንገሩኝ» አለች።

መጀመሪያ ወጥ ቤት ያለው ውብአየሁ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ የጥብስ ዘይት ደፍቻለሁ። አንድ ጊዜ።»

«አንድ ጊዜ?» አለ በርናባስ።

«በቀን።»

ሳቅ ሆነ። ከዚያ ተከታተለ። አንዷ የሎሚ ሳሙና፤ አንዱ የባትሪ ውሃ፤ አንዷ ደግሞ የፀጉር ቀለም።

«የማን ፀጉር?» አለ ውብአየሁ።

«ስም አይጠራም ተብሏል!»

ሁሉም ወደ አስናቀ ፀጉር አየ፤ እሱም ሣሩን ያይ ጀመር።

ልክነሽ የተናገረችው መጨረሻ ላይ ነው። የጽዳት ኃላፊዋ ናት፤ ሆቴሉ ከተከፈተ ጀምሮ ያለች፣ ጡረታዋ የደረሰ፣ ልጆቿን ብቻዋን ያሳደገች ሴት። «የእኔ ሽንት ቤት ውስጥ ምሳ ይበላል» ማለት ትወዳለች፤ እውነትም ነው። ሣሩን መሬት ላይ አስቀመጠች፤ መልሳ አነሣችው።

«ኮሚቴ ይመጣል ተባለ» አለች። «እንግዳ ሲመጣ ቤት አይጸዳም? ሄጄ አየሁት። ቡናማ ሆኖ ይንተከተካል። እኔ እያለሁ ይሄን ሊያዩ ነው አልኩ፤ አፈርኩ። ሁለት ጀሪካን በረኪና ከፍ አድርጌ ደፋሁበት። ጠርዙንም በብሩሽ ፈተግሁት።» ሣሩን በጣቷ ጠቀለለችው። «ነጣ ሲል ደስ ብሎኝ ነበር።»

ሙባረካ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አስናቀ ያለቀሰች መስሎት ሊነሣ ሲል ሻርፑ ወረደ፤ እየሳቀች ነው።

«እትዬ ልክነሽ፣ በሕይወቴ እንዲህ ንጹሕ ሬሳ አይቼ አላውቅም።»

ልክነሽም ሳታስበው ሳቀች፤ ሳቁም ወደ ልቅሶ ዞረ። በርናባስ ሣሩን ከሁሉም እየሰበሰበ፣ «አለቀ። እዚህ ቀረ» አለ።

ቀሪው ጊዜ ሩጫ ነበር። አስናቀ ሠርጉን ለሌላ ሆቴል አስተላለፈ፤ የላይኛው ፎቅ ክፍሎች ተዘጉ። ሙባረካ የተበላሸውን ውሃ በቦቴ አስመጥጣ አስነሣች። አዲስ እርሾ ለማምጣት በተደረገው ሁለተኛ ጉዞ ላይ ግን በርሜሎቹን በመንገድ አየር የምትነፋባት ትንሿ መሣሪያ እምቢ አለቻት፤ ዝቃጩ ካልተማሰለ ደግሞ ሙቀቱ ውስጥ አፍኖ ይሞታል። ልክነሽ፣ «እኔ አማስላለሁ» ብላ ማንም ሳይጠይቃት ፒክአፑ ኋላ ላይ ወጣች። አሮጊት ብቻዋን ኋላ ተቀምጣ እሱ ጋቢና መግባቱ አላምርህ ስላለው አስናቀም ከነክራቫቱ ወጣ።

ከምዕራብ ዓባያ እስከ ሴቻ በሙዝ እርሻው መሀል ሁለቱ በርሜሎቹን በዱላ ሲያማስሉ መጡ። ፍጥነት መቀነሻው ላይ መኪናው ዘገም ሲል የሙዝ ሻጮች ከበቧቸው። አንዷ በርሜሉ ውስጥ አየት አድርጋ፣ «ቦርዴ ነው? እስቲ አንድ ጣሳ ቅዱልን!» አለች። ቦርዴ የአገሩ የእህል መጠጥ ነው፤ መልኩማ ይመስል ነበር።

«ገና አልፈላም፣ እህቴ!» አለች ልክነሽ ዱላዋን ሳታቆም።

«ሰውዬው ክራቫት አድርጎ ነው እንዴ ቦርዴ የሚጠምቀው?»

«እሱማ ባለቤቴ ነው፤ ሠርጋችን ነገ ነው!»

አስናቀ እንደዚያ ቀን የሳቀበትን ቀን ለማስታወስ ወደ ኋላ ብዙ መሄድ አለበት።

እርሾው ያዘ። ሙባረካ አንድ ጠዋት ልክነሽን እጇን ይዛ ወስዳ መነጽሩ ላይ አጎነበሰቻት። ልክነሽ አንድ ዓይኗን ጨፍና ብዙ ቆየች። በቀጭን ግንድ ላይ የተተከሉ ደወል የመሰሉ ነገሮች እየተኮማተሩ ይዘረጋሉ፤ ሌሎች መሀላቸው ይዋኛሉ።

«ይሄ ሁሉ ነፍስ?» አለች። «ያኔም እንዲህ ነበሩ?»

«እንዲህ ነበሩ።»

ልክነሽ አማተበች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ሥራ ስትገባ መጀመሪያ ገንዳውን ሳታይ ወደ ክፍሎቹ አትወጣም።

ኮሚቴው መጥቶ ውሃ ቀድቶ ሄደ። ውጤቱ ሸጋ ባይባልም ይበቃል ተባለ፤ ሆቴሉ አልታሸገም።

በዚያው ሳምንት ሸዋንዳኝ መጣ። ሐይቁ ፊት ለፊት ባለው ሰገነት ላይ አስናቀንና ሙባረካን ምሳ ጋበዘ። የተጠበሰ ቆሮሶ ቀረበ። ሰውዬው ዓሣውን እየፈለፈለ ደስ ብሎት ያወራል፤ ሐይቁ ዳር ሊሠራ ስላሰበው ሎጅ፣ የዚያንም ማጣሪያ ከመጀመሪያው ለሙባረካ እንደሚሰጥ። በግሏ ለምትሠራ ሰው እንዲህ ያለ ሥራ በየዓመቱ አይመጣም። ከዚያ እጁን ጠረገ።

«አንድ ነገር ቀርቷል። በረኪና የደፋብኝ ማን ነው?»

ማን እንደነገረው አይታወቅም። ከተማው ትንሽ ነው።

«ታይቶ የተፈታ ጉዳይ ነው» አለ አስናቀ።

«ማን ፈታው? እኔ አልፈታሁም። ሆቴሌ ሊታሸግ ነበር። ተነግሮት ሳለ የደፋ ሰው ነገ ደግሞ ምን ይደፋብኛል? ዛሬውኑ ይሰናበታል። አስናቀ፣ አንተ ታውቃለህ።»

አስናቀ ያውቃል። በመስኮቱ በኩል ልክነሽ አንሶላ ታቅፋ በኮሪደሩ ስታልፍ አያት። መሐላው ትዝ አለው፤ የራሱ እንጀራም ትዝ አለው። አፉን ከፈተ፤ ምን ሊል እንደነበር እስከ ዛሬ አያውቅም።

«አልተነገረውም» አለች ሙባረካ።

ሸዋንዳኝ ዞረ። «ምን?»

«የደፋው ሰው በረኪና ይገድላል ተብሎ አልተነገረውም። የመጣሁ ቀን በሥራ ላይ የነበሩትን ሰብስቤ ተናገርኩ። የሰውየው ዕረፍት ነበር፤ ፈልጌ መንገር ነበረብኝ፣ አልነገርኩም። ገንዳው የሞተው በእኔ ጥፋት ነው።»

«እውነት ነው?» አለ ሸዋንዳኝ ለአስናቀ።

አስናቀ፣ «በዓል ነበር» አለ።

ሸዋንዳኝ ቆሮሶውን ገፋ አደረገው። «እንግዲያው እኔ የቀጠርኩት ገንዳ ገዳይ ነዋ» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ግን አፉ ላይ ብቻ ነበር። ልክነሽ ከሥራዋ አልተነቀነቀችም። የሎጁ ነገር ግን ዳግመኛ አልተነሣም።

ነገሩ ከሴቻ ወደ ሲቀላ ለመውረድ ጊዜ አልፈጀበትም። በሸዋንዳኝ አፍ ወሬው እንዲህ ሆነ፤ «መሐንዲስ ነኝ ብላ የራሷን ገንዳ በበረኪና የገደለች።» ሊጠሯት የነበሩ ሆቴሎች ዝም አሉ። አንዳንዱ «ኢንጅነር በረኪና» ይላት ጀመር። ባጃጅ ነጂዎች ሳይቀሩ ያውቁታል። አስናቀ ለሆቴሉ ሳሙና ሊገዛ ሱቃቸው ሲገባ አገኛት፤ ቅጽል ስሙን እንደሰማች ገብቶታል፤ ስለ ቆሮሶው ምሳ ግን አንድም ቃል አልወጣትም።

«አባቴ ዕድሜውን ሲሸጠው ኖሮ እኔ ስሙን ብወርስ ምን አለበት?» አለችው። እናቷ ሐሊማ ግን አልሳቁም።

ያን ጊዜ ነበር መጠየቅ የነበረበት። ደንበኞች ነበሩ፤ እናቷም ነበሩ። ደግሞስ እንዴት ተብሎ ይጠየቃል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ልክነሽ የሚካኤል ወዳጅ ናት። በየዓመቱ ጥምቀትን ትሠራና በማግስቱ ለሚካኤል ታቦት ታርፋለች፤ ሆቴሉ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ሙባረካ የመጣችው አሥራ ሁለት ከሆነ ልክነሽ አልነበረችም፤ አልሰማችም። እንግዲያው ሙባረካ ለሸዋንዳኝ የነገረችው ልክ ነው፤ እንደ ልማዷ እውነቱን ተናግራ የእውነቱን ዋጋ ከፈለች። የመጣችው አሥራ አንድ ከሆነ ግን ልክነሽ ማንጎው ሥር ቆማ ሰምታለች ማለት ነው። ያን ጊዜ ደግሞ፣ ፈተና ላይ እንኳ በግምት የማትጽፍ፣ በአንድ እውነተኛ ዓረፍተ ነገር ደመወዟን ያጣች ሴት፣ ያላትን አንድ ነገር፣ ስሟን፣ ለአንዲት የጽዳት ሠራተኛ ስትል በውሸት ሰጠች። እሱም አጠገቧ ተቀምጦ ዓሣ ይበላ ነበር።

የሠራተኞቹን የሥራ ተራ ሰሌዳ አየ፤ በዓል ሲሆን የሚከተለው የለም። በርናባስ ያን ሰሞን ገረሴ ነበር። ውብአየሁ፣ «አለች መሰለኝ» ይላል፤ ሌላዋ፣ «የለችም» ትላለች። ልክነሽን ራሷን አንድ ቀን ገንዳው አጠገብ ለብቻዋ አገኛት።

«እትዬ ልክነሽ፣ ያን ቀን ነበርሽ?»

ዓይኗን ከሚንተከተከው ውሃ አላነሣችም። «አቶ አስናቀ፣ አልነበርኩም ብል ጥፋቱን በእሷ ማጽናቴ ነው። ነበርኩ ብል ደግሞ እሷን ውሸታም ማድረጌ ነው። እዚያው ሣሩ ላይ ቀርቷል አልተባለም? ተወኝ።»

ተዋት። አንዳንድ ቀን መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ማንጎውን እያየ ያን ከሰዓት ለመመለስ ይሞክራል። ሻርፗ ይመጣለታል፤ የምታወናጭፈው እጇ ይመጣለታል። ከፊቷ የቆሙት ሰዎች ግን ጀርባቸው ብቻ ነው የሚታየው። አንዷ ነጭ ነጠላ የለበሰች ናት። በጥምቀት ነጠላ ያልለበሰ ደግሞ ማን አለ?

ሚያዝያ ገብቶ ዝናቡ ሲጀምር ሐሊማ፣ «ልጄ ነገ ጂንካ ልትሄድ ነው» ብለው ነገሩት። የሆነ የሆስፒታል ማጣሪያ ተበላሽቶ እዚያ የማያውቋት ሰዎች ጠርተዋታል። ሥራው ረጅም ነው፤ እንደ ሁኔታው እዚያው ቤት ትከራይ ይሆናል። ሐሊማ ሳሙናውን እየቆጠሩ፣ «እዚህማ ምን ሥራ ቀረላት?» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት አስናቀ በመጀመሪያው ሚኒባስ ከሴቻ ወደ ሲቀላ ወረደ። በመንገድ ሁሉ ጥያቄውን ሲያሳጥረው መጣ። ሌላውን ሁሉ ትቶ፣ «የመጣሽው ጥምቀት ነው ወይስ የሚካኤል ዕለት?» ይላታል፤ በቃ። መልሷን አያየውም፤ ፊቷን ያያል።

መናኸሪያው ጭቃ ነበር። የጂንካው አውቶቡስ ሞተሩ ተነሥቶ ረዳቱ በሩ ላይ ቆሞ ይጣራል። ሙባረካ መስኮቱ አጠገብ ነች፤ ድሮም ቦታዋ እዚያ ነበር። ሰማያዊውን ሣጥን ጭኗ ላይ አድርጋዋለች። ሲሮጥ አይታው መስኮቱን ገፋ አደረገችው።

«ቲቸር! ምነው በደኅና?»

«ደኅና ነው። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር፤ ያን ቀን…»

አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ከጎኑ አብሮ ተራመደ፤ ጭቃው ጫማው ላይ ይፈናጠራል። ሙባረካ በሞተሩ ጩኸት አልሰማችውም፤ ወይም ሌላ ነገር የጠየቃት መስሏታል።

«ዝናብ ሲመጣ መብራት ይጠፋል!» አለች አንገቷን አውጥታ። «ለበርናባስ ንገሩት! ጄኔሬተሩ መጀመሪያ ለሞተሩ ይሁን! አየሩን እንዳታጠፉባቸው!»

«እሺ!» አለ አስናቀ።

አውቶቡሱ በሩን ወጥቶ ወደ ቀኝ ታጠፈ።